የመስከረም ሰማይና የጥር ሙሽሮች

ወረታ፣ ጥር 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬም በፎቶ ቤታችን ኮምፒውተር የሙሽሮች ፊት ሳቀላ ዋልኩ። ኮምፒውተሩ ሞልቶ አዲስ ፎቶ አልቀበል ሲል ባሌ ጌትነት መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። መስከረም ላይ ቁሐር ሚካኤል ሄጄ፣ ሜዳው የክረምት ውኃ እንደለበሰ ያነሳኋቸውን የከዋክብት ፋይሎች አገኛቸው። ገና ያልተሠሩ ጥሬ ስለሆኑ ጥቁር ብቻ ነው የሚታየው።

«ዲስኩን የሞላው ይኼ ሁሉ ጨለማ ነው?»

«ሲሠራ ፍኖተ ሐሊብ፣ ነጩ የከዋክብት መንገድ፣ ይወጣዋል፤ ውኃው ላይም ሰማዩ አለ» አልኩት።

«እንግዲያው አንዱን አስቀሪና ሌላውን አጥፊው።»

ፎቶ ልትወስድ የመጣችው የሙሽራ እናት ሳቀች። «እውነቱን እኮ ነው! ይልቅ የልጄን ፊት አብሪልኝ።»

አንዱ ብቻውን ምን ያደርግልኛል? ብርሃኑን ከፍ ሳደርገው ሰማዩ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይበተናል። ጥርት የሚለው ብዙውን ፎቶ ደራርቤ አንድ ሳደርገው ነው። ይህን ከዚህም ከዚያም ቃርሜ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሥራው ግን ኮምፒውተሩን ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ በሰርግ ወር ግማሽ ቀን ከየት ይመጣል?

«ጾም እስኪገባ ታገሠኝ» አልኩት።

«ጾም እስኪገባ ሙሽሮቹን የት ላስቀምጣቸው?»

ነገ ሐሙሲት ሄዶ የሚያነሳው ሰርግ አለበት፤ ካሜራውን ሞልቶ ነው የሚመጣው። እሱ ከሚያጠፋቸው ብዬ ደብዘዝ ያሉትን መርጬ በገዛ እጄ ሰረዝኩ። በቀሩት ሰማዩ ትንሽ አሸዋ ይኖረው ይሆናል እንጂ ይወጣል።

እሑድ ደግሞ ቦታ የምትፈልግ ሌላ ሙሽራ አለች።