ግማሹን በድሮው፣ ግማሹን በአዲሱ ጌም ተጫወቱ ብለው ለፈረዱልን ለጋሽ ካሳሁን

ለተከበሩ ጋሽ ካሳሁን
የመርሳ ሰፈራችን የጌም ክበብ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እንደኛ ያለውን ጠበኛ ሲያስታርቁ ለመኖር ረጅም ዕድሜ ያስፈልግዎታልና። እኔ ልብስ ሰፊዋ ኢብቲሳም ይህን ደብዳቤ በክበቡ በር ላይ የለጠፍኩት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንብቦ ፍርድዎን እንዲያደንቅልኝ ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት እኔና ወንድሜ ሂሻም ያንን የጦረኛና የዘንዶ ጌም የምንጫወተው በድሮው ሲዲ ነው። እሱ ጆይስቲኩን ይይዛል፤ እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ እተረጉምለታለሁ። የሰዎቹ ፊት አራት ነጥብ ብቻ ቢሆንም ለምደናቸዋል። ሌሎቹ የክበቡ አባላት እነ አማን ደግሞ እንደገና የተሠራው፣ የጦረኛው ፀጉር ሳይቀር በነፋስ የሚወዛወዝበት አዲሱ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ወገኑ ሁለት ሆነና ነገሩ ወደ እርስዎ መጣ።

1ኛ፦ ጆይስቲክ በእጅዎ ነክተው ሳያውቁ፣ እንደ መሬት ድንበር ክርክር ሁለቱንም ወገን እኩል አዳምጠው፣ ማንም እንዳይከፋ እስከ ግማሹ በድሮው፣ ከግማሹ ወዲያ በአዲሱ እንድንጫወት ስለፈረዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉ ባለጌዎች አልጠፉም፤ እኔ ግን አላልኩም።

2ኛ፦ ፍርድዎን አክብረን ስድስት ሳምንት ሙሉ በድሮው ለፋን። ግማሹ ላይ ስንደርስ ሰይፍ፣ ፈረስና ሦስት ታማኝ ባልንጀሮች ነበሩን። አዲሱን ብንከፍተው ግን፣ ወይ ጉድ! ሁለቱ ጌሞች ጭራሽ አይተዋወቁም። ጦረኛችን አንዲት ዱላ ይዞ እንደ አዲስ ከመንደሩ ተነሳ፤ ገና ከደጃፉ ሳይርቅም ዶሮ ገደለችው። ስድስት ሳምንት እኮ ነው ጋሽ ካሳሁን!

3ኛ፦ በድሮው የደረስንበት ማጫወቻው ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧልና ወደ ድሮው እንመለስ ብለን ብንለምንዎት፣ ለካስ እርቅ ከወረደ በኋላ የጠብ ምክንያት ከቤት አያድርም ብለው፣ ሲዲውን ወልድያ የጌም ሱቅ ላለው ለዛኪር ሰጥተውታል። አርቆ አሳቢነትዎ ያስደንቃል።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ሂሻም ሰኞ ለሥራ ወደ ሎጊያ ይሄዳል። ያንን ጌም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንት ጊዜ ጀመርነው፤ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ እናታችን ትጠራናለች፣ መጨረሻውን አንድም ቀን አላየንም። የፈለገ ይሳቅብኝ፤ ወንድሜ ሳይሄድ መጨረሻውን አብሬው ማየት እፈልጋለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ እንግሊዝኛውን ለማን አነብባለሁ?

ስለዚህ ሲዲውን እንዲያስመልሱልን በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ለዳኝነትዎ ስትል በዶሮ የተሸነፈች ታዛዥዎ፣

ኢብቲሳም
ከመርሳ

ማሳሰቢያ፦ ዛኪር ሲዲውን የሚመልሰው በእጁ ለሰጠው ሰው ብቻ እንደሆነ በስልክ ነግሮኛል። ስለ አካሄድዎ የክበቡ አባላት ለሁለት ተከፍለን ነበር፤ ገሚሱ በሚኒባስ ይሂዱ ሲል፣ ገሚሱ በእግራቸው አለ። ማንም እንዳይከፋ ሁለቱንም ወገን እኩል አዳምጠን፣ እስከ ስሪንቃ በሚኒባስ፣ ከስሪንቃ እስከ ወልድያ በእግርዎ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስነናል። ሰኞ ሩቅ አይደለምና ፈጠን ፈጠን ይበሉ።