በሄዱበት መመለስን ለከለከሉት ኮሎኔል

ለክቡር ኮሎኔል፣
የቀላል እግረኛ ጦር የፀረ ሽምቅ ውጊያ መመሪያ አዘጋጅ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁን፤ በተለይ እንቅልፍዎ።

እኔ በሥርዎ ያገለግል የነበረው የሟቹ አስር አለቃ ታላቅ እህት ነኝ። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ስሆን ንባብ የለመድኩት ለልብስ ቅድ ከምንቆርጠው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነውና፣ እሱ ትቶልኝ የሄደውን መጽሐፍዎን ስጨርስ ክረምቱ አለቀብኝ። ስላስተማሩኝ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. «ቃኚ ቡድን በሄደበት መንገድ አይመለስ፤ ሽምቅ ተዋጊ ሲሄድ ያየውን ሲመለስ ይጠብቀዋል» ብለው ጽፈዋል። ወንድሜ ይህን በቃሉ ይዞት ስለነበር፣ በሞተበት ዕለት ቃኚ ቡድኑን እየመራ በጋራው ጀርባ ዞሮ ሊገባ ተነሥቶ ነበር። እርስዎ ግን ከእንግዶችና ከካሜራ ጋር ድልድዩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ስለነበር፣ በሄደበት ቶሎ እንዲመለስ በሬዲዮ አዘዙት። መመሪያው ይከለክላል ቢልዎ፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንተ እግርህን አንሣ» አሉት። ይህን የነገረኝ ሽምቅ ተዋጊዎቹ አድፍጠው ከጠበቋቸው ገደል ሥር ብቻውን በሕይወት የወጣው ሬዲዮ ተሸካሚ ነው።

፪. እንግዶችዎን ስላስጠበቀ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሞተ ሰው ቶሎ አይራመድም።

፫. በምርመራው ሪፖርት ላይ «አስር አለቃው መመሪያውን ጥሶ በሄደበት በመመለሱ ጓዶቹን አስፈጀ» ብለው ፈርመዋል። ሰው ሁሉ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሲል፣ እርስዎ ከመውቀስም አልፈው ሙት ከሳሽ ለመሆን በመድፈርዎ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ዛሬ የጓዶቹ እናቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አንደኛዋማ «ልጄን የበላው ያንቺ ወንድም ነው» ብላኛለች። እሷ ላይ አልፈረድኩም። የፈረድኩበት ሰው ሌላ ነው።

፬. ስለዚህ ሪፖርቱ እርስዎ በፈረሙበት እጅ ይታረም። ሬዲዮ ተሸካሚው ለመመስከር ተዘጋጅቷል። የት እንዳለ ለማወቅ ግን አይድከሙ፤ ሰው እንዴት እንደሚሸሸግ መጽሐፍዎ አሳምሮ ስለሚያስረዳ፣ እንደ ቃልዎ አድርጌያለሁ።

የወንድሜ ስም ሲጸዳ ቆመው እንዲያዩ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ እጅ እነሣለሁ።

የሟቹ እህት፣ እስከ መጨረሻው የማትረሳዎ

ማስታወሻ፦ ለጄኔራልነት ማዕረግዎ በዓል ወገቡ እንዲሰፋ ሾፌርዎ ያመጣው የክብር ልብስ እኔ ዘንድ ይገኛል። ስፌቱን አንድ ሳላስቀር ተርትሬዋለሁ፤ መልሼ የምገጥመው ሪፖርቱ የታረመ ዕለት ነው። እስከዚያው አለቆችዎ ልብሱ የት ደረሰ ካሉዎት፣ የበታች ጥፋት ነው ይበሏቸው፤ ልምዱ አለዎት።