የልባሞቹ መልስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 13 ቀን 1977፣ ድሬ ዳዋ

መብራት ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ ፋጡማ ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«አቦ፣ ልጄን ምጥ ይዟታል፤ ትንሽ ላምባ ስጪኝ» አለችኝ።

«ለኔም ላንቺም አይበቃም፤ ቀበሌ ሱቅ ሄደሽ ግዢ» አልኳት። ሱቁ ከቀትር ጀምሮ እንደተዘጋ አውቃለሁ። ባዶ ጠርሙሷን ይዛ ተመለሰች።

በሩን ስዘጋ የማን ቃል እንደሆነ ትዝ አለኝ። ልባሞቹ ደናግል ሙሽራውን ሲጠብቁ፣ ዘይት የለመኗቸውን ሰነፎቹን የመለሱት እንዲሁ ብለው ነው። እሁድ ለሰበካችን ሴቶች ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ሙሽራው ክርስቶስ ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ለሰው መራራት ነው ብዬ ተርጉሜላቸዋለሁ።

ፋኖሴ እስከ አፉ ሞልቷል። ከግድግዳው ማዶ ልጅቷ ጨለማ ውስጥ ታቃስታለች። ሙሽራው አሁን ቢመጣ፣ የሚገባው እነሱ ቤት ይመስለኛል።