ስድስተኛው ቤት

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ልጄ ናቲ የጥንት የእንግሊዝ ቤቶችን ረድፍ በካርቶን መሥራት ጀምሮ ስድስተኛውን ሳይሠራ ሞተ። ለሙት ዓመቱ ሙሉ ሆኖ እንዲቆም ዛሬ እኔው ሠራሁት፤ አራት ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ጭስ ማውጫ። ከረድፉ ጋር ሳስጠጋው አልገጥም አለ። እህቱ ሐና ሳቀችብኝ።

«ማሚ፣ አንቺማ ቪላ ሠራሽ! እነዚህ እኮ ግድግዳ ሼር ያደርጋሉ። ናቲ አልነገረሽም?»

ነግሮኝ ይሆናል። እንግሊዝ አገር፣ ፕሊማውዝ ከተማ ለሥራ ስቸኩል አልሰማሁት ይሆናል።

አንዱን ግድግዳ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት። ቤቱ ብቻውን አልቆም አለኝ። ኮላ ቀብቼ ናቲ ከሠራው ግድግዳ ጋር አጣበቅሁት፤ እስኪደርቅም በሁለት እጄ ይዤው ቆየሁ። አሁን ቆሟል።

የአምስቱን በሮች ቀለም የመረጠው እሱ ነው። የስድስተኛውን ነገ እኔ እመርጣለሁ።