ለአንዷ የዳገት ቀን የሚሆን አራት ጎማ ስለመለመን

ወንድም ጋሼ፣ ለአለቃህ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነውና እንዳትቆጣ። ወንበርህን አልወሰድኩብህም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ስድብ አልጽፍም፤ «እርስዎ» ማለትም አልረሳም። አክስታችን «አርፈህ ትምህርትህን ተማር፤ አንተን ከቢሮ ሰው ጋር ምን አገናኘህ?» ብላኛለች። አንተን ያልጠየቅኩህ ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው። አረፍተ ነገሩ የተንጋደደበት ቦታ ካለ እንደ ልማድህ በእርሳስ አክብብልኝ።

ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ሳምንት አቤት ልል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ሰው እንዳያዳልጠው በእያንዳንዱ ደረጃ ጫፍ ላይ ሻካራ ጎማ መለጠፉን በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ ደህንነትዎ ብዙም ሳልሰጋ ነው ሰላምታዬን የማቀርበው።

እኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሰባት ሳምንት በፊት ለላይኛው ጤና ጣቢያ ክትባት አድርሶ ሲመለስ፣ ቀይ ጭቃው ዳገት ላይ ከመንገድ ወጥቶ የሞተው የፒክአፕ ሹፌር ታናሽ ወንድም ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም ግልጽ ያደረግኩት፣ ቀደም ሲል አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን ስላልተከፈቱ፣ ለክቡርነትዎ የመክፈቻ ድካም ላለመሆን ብዬ ነው። የምለምንዎ ነገር አንድ ብቻ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ሁለተኛው ፒክአፕ ያንኑ ዳገት ይወጣል፤ የተገጠመለት ጎማ ከወንድሜ መኪና ጎማ ጋር በአንድ ቀን የተገዛ፣ በዓይነቱም አንድ ነው። ከማክሰኞ በፊት ይቀየርለት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምስጋናዬን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቅጽዎ አመሰግናለሁ። የወንድሜ መኪና ጎማ ጥርሱ ባለቀ ጊዜ፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን ጎማ እንዲገዛለት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። እርስዎም የጎማ መምረጫ ቅጹን አውጥተው፣ መኪናው በወር የሚሄደውን አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በአንድ ዓምድ፣ ከአስፋልት ውጭ የሚሄደውን አስራ አራት ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሰባት መውጫና ሰባት መውረጃ፣ በሌላ ዓምድ ሞልተው፣ አካፍለው፣ መንገዱ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ አስፋልት መሆኑን አረጋግጠው፣ የአስፋልት ጎማ እንዲገዛ ወሰኑ። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ስህተት የለበትም። በእኛ ትምህርት ቤት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያመጣ ተማሪ ሰልፍ ላይ ይጨበጨብለታል። ወንድሜ የሞተው በቀረችው በአንዷ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ቅንጦት መስሎ ስለታየዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምናልባት ለእኔ ያስረዳኝን ያህል ለእርስዎ ለማስረዳት ጊዜ አልተሰጠው ይሆናል። የምንኖርበት ክፍል ከአንድ ጎሚስታ ሱቅ ጀርባ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሦስት አሮጌ ጎማ ግድግዳ አስደግፎ «በል ምረጥ» አለኝ። የመጀመሪያው ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ መስመሩ ጠባብ ነበር፤ እንዲህ ያለው አስፋልት ላይ ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ጭቃ ሲያገኝ ግን መስመሩ ወዲያው ይደፈንና እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ይሆናል። ሁለተኛው ጥርሱ የጡብ ስባሪ የሚያክል፣ ጭቃውን እየቦጨቀ የሚወጣ ነበር። እኔ ጉራ ስለምወድ እሱን መረጥኩ። ወንድሜ ሳቀብኝና «ይኼ አስፋልት ላይ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ እሱስ ይሁን፣ ግን በዝናብ ፍሬን ስይዝ ይንሸራተታል። ሃያ ዘጠኙን ቀን የምውለው የትምህርት ቤት ልጆች በሚያቋርጡት መንገድ ላይ መሆኑን ረሳኸው?» አለኝ። ከዚያ ሦስተኛውን ጎማ መታ መታ አደረገው፤ ጥርሱ መካከለኛ፣ መስመሩ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ላይ እስከ ጎኑ የሚወርድ ጥርስ ያለው ነበር። «ይኼኛው በሁለቱም ቢሆን አንደኛ አይወጣም፤ በሁለቱም ግን አይወድቅም» አለ። ጎሚስታው ከውስጥ ሆኖ «አንተ ሰውዬ፣ ጎማ ነው የምትመርጠው ወይስ ሚስት?» ብሎ ሲቀልድበት፣ «ሚስትማ ብትሆን ዳገት ላይ ጥላኝ አትሄድም» ብሎ መለሰለት። ክቡርነትዎ፣ ጠቅላላ ትምህርቱ የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ወንድሜን ቢሮዎ ድረስ አስገብተው ስላነጋገሩት ውለታዎን አልረሳም። «አንተ ሹፌር ነህ ወይስ መሐንዲስ?» ብለው እንደጠየቁት፣ እሱም «ጌታዬ፣ እኔ ላዩ ላይ የምቀመጠው ነኝ» ብሎ እንደመለሰ፣ እርስዎም ስቀው «እንግዲያው ቀስ ብለህ ተቀመጥ» እንዳሉት እራት ላይ ነግሮኛል። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ሃያ ዘጠኙን ቀን የትኛውም ጎማ ያደርሰኛል፤ እኔ የለመንኳቸው ለአንዷ ቀን ነበር» አለ። የዚያን ዕለት ምግቡን አልጨረሰም።

አራተኛ፣ ስለ አደጋው ሪፖርት ጥራት አድናቆቴን እገልጻለሁ። ሪፖርቱ አራት ገጽ ሲሆን «ጎማ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይገኝበታል፤ እሱም «ጎማዎቹ አዲስ ናቸው» በሚለው ላይ ነው። እውነት ነው፣ አዲስ ነበሩ። የሞቱ ምክንያት «የአሽከርካሪ የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሏል። እዚያው ገጽ ግርጌ ደግሞ «በተሽከርካሪው ውስጥ የተገኘ ያልተፈቀደ ንብረት፦ አንድ የእግር ፓምፕ» የሚል ተጽፏል። ፓምፑ የጎሚስታው ነው፤ እባክዎ ይመለስለት። ወንድሜ በየወሩ የሚዋሰው፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጎማው ጭቃውን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝለት ነፋስ ቀነስ ስለሚያደርግና፣ ወርዶ አስፋልት ሲገባ በእግሩ እየረገጠ መልሶ ስለሚሞላው ነው። አራት ጎማ በእግር ፓምፕ መሙላት አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በተሰጠው ጎማ ለመኖር የሚችለውን ሁሉ ሲያደርግ የነበረ ሰው ጥንቃቄ ጎደለው ከተባለ፣ ጥንቃቄ የሞላው ሰው ምን እንደሚመስል ለማወቅ እጓጓለሁ።

አምስተኛ፣ ለቅሶ ላይ ሳለን ሰው ልከው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። የላኩት ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ አክስቴን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ የመኪናውን ትርፍ ቁልፍና የወንድሜን ቱታ ጠየቀን። መኪናው ገደል ውስጥ ነበር። ቁልፉን ከወንድሜ ኮት ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ስለመረከቡም ፈረመልኝ። ቱታው ግን ታጥቦ ገመድ ላይ ስለነበረ፣ እስኪደርቅ ሻይ ቀርቦለት ጠበቀ። አክስቴ እስካሁን «ምስኪን፣ እሱ ምን ያድርግ፣ ታዝዞ ነው» ትላለች። እኔም እንደዚያው ነው የምለው፤ ይህን የምጽፈውም ላዘዘው ነው።

ስድስተኛ፣ አቤት ልል የመጣሁ ዕለት ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ። የቆምኩት ከእርስዎ መኪና አጠገብ ነበርና፣ ሥራ ስላጣሁ ጎማዋን ስመለከት ቆየሁ። ክቡርነትዎ እንዴት ያለ ምርጫ ነው! ጥርሱ መካከለኛ፣ መስመሩ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ላይ እስከ ጎኑ የሚወርድ ጥርስ ያለው። አዲስ ጎማ ላይ የምትታየው ፀጉር የመሰለች ቀጭን ጎማ እንኳ ገና አልረገፈችም። ጥበቃው መኪናዋ ከቤትዎ ቢሮ፣ ከቢሮ ቤትዎ እንጂ ሌላ መንገድ እንደማታውቅ ሲነግረኝ፣ በቅጽዎ ስሌት ሠርቼ ከመቶ መቶ እጅ አስፋልት ሆኖ አገኘሁት። ለእርስዎ ቅጹ ከመቶ መቶ ሲደርስ ይገለበጣል ማለት ነው? አልገባኝም፤ ሒሳብ አስተማሪያችንን ብጠይቃቸው ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመሩ።

ሰባተኛ፣ በመጨረሻ በጸሐፊዎ በኩል ስለደረሰኝ የቃል መልስ አመሰግናለሁ። ጸሐፊዎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደነገሩኝ፣ ባለፈው ወር አዲሱ ሹፌር በዚያው ጎማ፣ በዚያው ዳገት፣ ያውም ዝናብ በዘነበ ማግስት ክትባቱን በሰላም አድርሶ ተመልሷል፤ ጤና ጣቢያው የተረከበበት መዝገብም ተፈርሞ ቀርቧል፤ ስለዚህ ጎማው እንከን እንደሌለበት በተግባር ተረጋግጧል። ይህን ሰምቼ ደረጃውን ወረድኩ። ሳያዳልጠኝ በሰላም መውረዴን እገልጻለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከ ማክሰኞ አራት ቀን አለ። አራት ጎማ ለመቀየር፣ ጎሚስታውን ጠይቄዋለሁ፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም። አዲስ መግዛት ረጅም ሂደት ካለው፣ ከግቢው ሳይወጡ በእጅዎ ያለውን አራት ጎማ ለአንድ ቀን ማዋስ ይቻላል፤ የሁለቱም መኪና የጎማ ቁጥር አንድ መሆኑን ጎኑ ላይ አንብቤያለሁ። ያን ዕለት ቢሮ በእግርዎ ቢሄዱ፣ መንገዱ ሜዳ ነው።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ደረጃዎ እንዳያዳልጥ፣ ፊርማዎ ያረፈበት ወረቀት ሁሉ እንዲከናወንልዎ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ በወጣበት መንገድ እንዲመለስልዎ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ጥንቃቄ ጎደለው የተባለው ሹፌር ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር ስለተረጋገጠው የሰላም ጉዞ እኔም ጥቂት አውቃለሁ። የምጽፈው አዲሱን ሹፌር አስፈቅጄ ነው፤ «ጻፈው፣ እኔም የጉዞ መዝገቤ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አላነበቡት እንደሆነ ነው እንጂ» ብሎኛል። አክስቴ ከእኔ ጋር ሰንብታ ሰኞ ወደ ቤቷ ሄዳ ስለነበር፣ ያ ማክሰኞ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ዩኒፎርሜን ለበስኩና በትምህርት ቤቱ ፈንታ ወደ መኪና ግቢዎ ሄድኩ። አዲሱ ሹፌር የክትባቱን የበረዶ ሳጥን እየጫነ ነበር። የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኩት። ትንሽ አየኝና «ግባ» አለኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወርዶ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ቀና ብሎ ዳገቱን አየ፤ ዳገቱ ያበራ ነበር። «እኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ» ብሎ መኪናውን ቆለፈ። ሳጥኑን በግራና በቀኝ ይዘን ሰባቱን ኪሎ ሜትር በእግራችን ወጣን። አንድ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ጎን ቀየረኝ፤ እሱ በገደሉ በኩል፣ እኔ በተራራው በኩል ሆንን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። ነርሷ ክዳኑን ከፍታ እጇን በበረዶዎቹ መሃል አስገባችና «አልቀለጠም» አለች፤ ከዚያ የመረከቢያ መዝገቡን ዘረጋች። ሹፌሩ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አንተ ፈርም» አለኝ። ጎማው እንከን የለበትም የሚለውን ያረጋገጡበት ፊርማ የእኔ ነው። ከበላዩ ባለው መስመር ላይ ያለው የወንድሜ ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅኩና ባዶውን ሳጥን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ወረድኩ።