ከፊት መቆሚያሽ

አክስቴ ቺዙሩ፣

ሩዙ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። ትኬትሽ ጫማሽ ላይ ነው።

ትናንት ስታዲየሙ በር ላይ ከፊት ቦታ ለመያዝ ያነጠፍነውን የወረፋ ምንጣፋችንን እንድጠብቅ ላክሽኝ አይደል? አስተባባሪዎቹ የወረፈኛውን ስም ሲጠሩ እኔ ኑድል እየበላሁ ነበር። ስመለስ ምንጣፉን ጠቅልለው አንስተውታል፣ ወረፋችንም ተሰርዟል። "ሁሉም ሰላም ነው" ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ዓይንሽን እያየሁ መናገር አፈርኩ።

አምበላችን ከዛሬው የዋንጫ ፍጻሜ በኋላ ጫማውን ይሰቅላል። ባነሩን እሱ እንዲያይልሽ ብለሽ ክረምቱን ሙሉ ሰፋሽ።

አሁን የደጋፊዎቻችን ከበሮ መቺ ጋሽ ኩሮዳ ጋ ደውዬ ለመንኳቸው። "አንቺ ሆዳም! ከፊት ያለኝ የአንድ ሰው መቆሚያ ነው። ቶሎ ካልመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ" አሉኝ።

ባነሩን ይዤ ሮጫለሁ። ስትደርሺ መቆሚያው ያንቺ ነው፣ እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ሰው ፊት ግን አትቆጪኝ፣ እባክሽ።

አምበሉ እጁን ካነሳልሽ፣ ተቀይመሽ ለእኔ ባትነግሪኝም፣ ጥፋተኛ ነኝና ይገባኛል።

ማኮ