«ላስብበት» ያልኳት ዩፎኒየም

ሔመንዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ ዛሬ ጅግጅጋ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ እንደተዘረፈ ሰው ጮኬያለሁ።

ለባንዳችሁ ዩፎኒየም የሚሉትን ትልቅ የነሐስ ጡሩምባ ምረጪልኝ ብለሽኝ አልነበር? ሁለት አገኘሁ። የሚያብረቀርቀው ቁልፉ ሲጫኑት ወርዶ ይቀራል። የወየበችውን ስነፋት ግን ድምፅዋ ወለል ብሎ ወጣ፤ ባለባጃጆች ሳይቀሩ ቆመው ሰሙ። እኔም እንደ ድሬ ገበያ «እስቲ ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ባለሱቁ ጉሌድ ዋጋ ቀንሶ፣ ሮጦ እንዲጠራኝ እኮ ነው! ማን ይጥራኝ? ዞር ስል አንድ ባለሆቴል ታቅፏት ይወጣል።

«የኔ ናት!» አልኩ።

«እህቴ፣ አንቺ ላስብበት አልሽ፣ እሱ ወሰድኩ አለ» አለኝ ጉሌድ በሐረር አማርኛው። «ወላሂ፣ ዘዴያችሁን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን ቃል ቃል ነው።»

ሰውየው ምን ሊያደርጋት ነው ብትይ? እንግዳ መቀበያው ላይ አቁሞ የፕላስቲክ አበባ ሊሰካባት! አንቺ የሠርጉን ወቅት ባዶ እጅሽን ልትቀመጪ፣ እሷ አበባ ልትሸከም! ደሜ ፈልቷል።

ነገ ጉሌድን የሚያብረቀርቀውን አሸክሜ ሆቴሉ እሄዳለሁ፤ ለአበባ እሱ ይበቃዋል። ካልለወጠልኝ እንግዶቹ ፊት እሷኑ አንስቼ እነፋበታለሁ። እማማንና የባንዱን ልጆች ሳሚልኝ። የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ የሰውየውን መልስ ግን ከሆቴሉ ደጅ ሳልርቅ ደውዬ አሰማሻለሁ።